የማግ ሕትመት ሥራን እንዴት ማቀላጠፍ ይቻላል?

በማግ (እጀታ ባለው ኩባያ) ላይ በሰብሊሜሽን፣ ማለትም ወረቀት ላይ የታተመን ቀለም በሙቀት ወደ ማጉ በማስተላለፍ የሚያትም ሰው ትእዛዝ ሲበዛበት ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ ሁለተኛ ፕሬስ (ማጉን እየተጫነ የሚያሞቀው ማሽን) መግዛት ነው። ከዚያ በፊት ግን ያለው ማሽን በቀን ምን ያህል ሥራ ፈትቶ እንደሚቆም ልብ ቢል ጥሩ ነው። አንድ ማግ ፕሬስ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ይቆያል። ማስገቢያና ማውጫው ተጨምሮ 5 ደቂቃ እንበል። በሰዓት 12 ማግ፣ በ5 ሰዓት 60 ማግ ማለት ነው። ይህን ያህል የማይወጣ ከሆነ ማሽኑ የሆነ ነገር እየጠበቀ ነው፦ ያልጸደቀ ዲዛይን፣ ያልተቆረጠ ወረቀት፣ የጠፋ ፕላስተር (ወረቀቱን ማጉ ላይ የሚይዘው)። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ፕሬሱ እንዳይጠብቅ ሆኖ ይሰለፍ።

1. ትእዛዙን አንድ ቦታ መዝግቡ

አንዱ በስልክ፣ ሌላው በቴሌግራም፣ ሌላው በአካል መጥቶ ያዛል። ሁሉም ግን አንድ ቅጽ ላይ ይስፈር፦ ብዛት፣ የማጉ ዓይነት፣ የመረከቢያ ቀን፣ የሚታተመው ጽሑፍ። ስም ካለበት ደንበኛው ራሱ ጽፎ ይላክ። ሀ ይሁን ሐ፣ ሰ ይሁን ሠ የሚያውቀው የስሙ ባለቤት ነው፤ በስልክ ሰምቶ መጻፍ ማግ ያስጥላል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አትርሱ፦ ሥዕሉን እንዲያይ የተፈለገው ጠጪው ነው ወይስ ፊት ለፊቱ የሚቀመጠው? ማጉን በቀኝ እጅ ሲይዙት አንዱ ጎን ወደ ራስ፣ ሌላው ወደ ውጭ ይዞራል። ይህን ሳይጠይቁ ያተሙት ማግ ሥራው ቢያምርም ሊመለስ ይችላል።

2. ቴምፕሌት አዘጋጁ

ለእያንዳንዱ ዲዛይን ከዜሮ መነሳት ጊዜ ይገድላል። ለተለመደው የ11 አውንስ ማግ በግምት 20 በ9 ሴንቲሜትር የሆነ ባዶ የዲዛይን ገጽ (ቴምፕሌት) በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ጥራት፣ አዘጋጅታችሁ አስቀምጡ። ማግ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ግን የራሳችሁን በወረቀት ጠቅልላችሁ ለኩት። በዚህ መጠን አንድ ኤ4 ወረቀት ላይ ሦስት ዲዛይን ይገባል። ወረቀትም ጊዜም ይተርፋል።

ዲዛይኑ በመስታወት እንደሚታየው ግራና ቀኙ ተገልብጦ መታተም አለበት። መገልበጡን ፕሪንተሩ ላይ አንዴ አስተካክላችሁ እንደዚያው ተዉት። ዲዛይን የሚሠራው ሰውም ከገለበጠው ተመልሶ ቀጥ ስለሚል፣ የማን ሥራ እንደሆነ በግልጽ ይታወቅ። ሰብሊሜሽን ነጭ ቀለም እንደሌለውም አስቡ። ነጩ የማጉ የራሱ ቀለም ነው።

3. ሳይጸድቅ አታትሙ

የዲዛይኑን ምስል ላኩ፣ «ይሁን» የሚል የጽሑፍ መልስ ተቀበሉ። አለቀ።

4. በአንድ ላይ አትሙ

ጠዋት የኖዝል (የፕሪንተሩ ቀለም መርጫ ቀዳዳዎች) ፍተሻ አድርጉ። አንድ ቀጭን መስመር ከጎደለ ማግ ላይም ይጎድላል። ከዚያ የጸደቁትን በማግ ዓይነት ለይታችሁ በአንድ ጊዜ አትሙ። ወረቀት ላይ ቀለሙ ደብዘዝ ቢል አትደንግጡ፤ የሚደምቀው ሙቀት ሲያገኝ ነው። ወረቀቱ ትንሽ ይድረቅ። እርጥበት ያለው ወረቀት ማግ ላይ ነጠብጣብ ይተዋል፤ ለዚህም የወረቀቱ ፓኬት ሁልጊዜ ተዘግቶ ይቀመጥ።

5. የመጠቅለያውን ጠረጴዛ አደራጁ

ብዙ ጊዜ የሚባክነው እዚህ ነው። ማጎቹን በአልኮልና ብናኝ በማይተው ጨርቅ ጥረጉ፤ የጣት አሻራ እንኳ ምልክት ይተዋል። ሙቀት የሚችለውን ፕላስተር አስቀድማችሁ ቆራርጣችሁ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ለጥፉት። ወረቀቱ ሲጠቀለል ሁለቱ ጫፎቹ ከእጀታው እኩል ይራቁ። አንዱን ጫፍ ለጥፉ፣ በአውራ ጣት እየዳበሳችሁ ወጥሩት፣ ከዚያ ሌላውን ለጥፉ። በጥፍራችሁ ገፋ ስታደርጉት የሚንሸራተት ከሆነ ፈትታችሁ ድገሙት። ወረቀቱ ሙቀት ውስጥ ከተንሸራተተ ከፊደሎቹ ጎን ጥላ ይወጣል፤ ያ ማግ ደግሞ አይድንም።

ያልታተመው ከፕሬሱ በአንድ ወገን፣ የታተመው በሌላው ወገን ይቀመጥ። አንዱ ማግ ፕሬሱ ውስጥ እያለ ቀጣዩ ተጠቅልሎ ይጠብቅ። እጅ በዚህ ከፈጠነ በኋላ ሁለተኛ ፕሬስ ቢገባ ትርጉም አለው፤ ሁለቱን በሁለት ደቂቃ ልዩነት ካስነሳችኋቸው አንድ ሰው ያሠራቸዋል።

6. መለኪያውን ጽፋችሁ ለጥፉ

ሙቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከማግ አቅራቢው መመሪያ ተነሱ፣ በአንድ ማግ ሞክሩ፣ የሠራውን ቁጥር ማሽኑ ላይ ለጥፉ። ቀለሙ ከገረጣ ሙቀቱ፣ ሰዓቱ ወይም ጭነቱ አንሷል። ጥቁሩ ወደ ቡናማ ካደላ ወይም መስመሩ ከፈሰሰ በዝቷል። ሁሉን ባንዴ አትነካኩ፤ አንዱን ብቻ ቀይሩና እዩ።

ማጉ ሲወጣ ጓንት አድርጋችሁ ወረቀቱን በአንድ ስበት ላጡት። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አትንከሩት፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። በራሱ ይብረድ።

7. አጣርታችሁ አሽጉ

ለትልቅ ትእዛዝ አንድ ሁለት ትርፍ ወረቀት አብራችሁ አትሙ፤ ለአንድ የተበላሸ ማግ ፕሪንተር ማስነሳት አድካሚ ነው። የተበላሸውን ከነምክንያቱ መዝግቡ። ፋይሉን በቀን፣ በደንበኛ ስምና በማግ ዓይነት ሰይማችሁ አስቀምጡ፤ ደንበኛው ከወራት በኋላ «ያንኑ ድገሙልኝ» ሲል ሥራው በቀጥታ ከሕትመት ይጀምራል።