ልጃችሁ ስሙ ሲጠራ አይዞርም? ስለ ኦቲዝም፣ ለድሬና ለሐረር ወላጆች

ድሬ ላይ ልጅ አፉን ሳይፈታ ከቆየ መልሱ ያው ነው፦ «አቦ አታካብዱ፣ ወንድ ልጅ ይዘገያል»። አያት ትለዋለች፣ ጎረቤት ይለዋል፣ የባጃጅ ሾፌሩም ሳይጠየቅ ይጨምርበታል። ሌላው ደግሞ «ቤት አማርኛ፣ ሰፈር ኦሮምኛ፣ ሱቅ ሶማሊኛ፤ ግራ ገብቶት ነው» ይላል። ነገሩ ግን አንዳንዴ ኦቲዝም ሊሆን ይችላል፤ ኦቲዝም ማለት ልጁ ከሰው ጋር የሚግባባበትን መንገድ የሚለውጥ የአንጎል ዕድገት ሁኔታ ነው። ብዙ ቋንቋ መስማት ኦቲዝም አያመጣም። እንዲያውም ሐኪም ልጁ ስንት ቃል እንደሚያውቅ ሲጠይቃችሁ የሁሉንም ቋንቋ አንድ ላይ ቁጠሩለት።

ደግሞ መዘግየት ብቻውን ኦቲዝም አይደለም። ዋናው ልጁ ከሰው ጋር እንዴት ይገናኛል የሚለው ነው። አውሮፕላን ሲያልፍ ወደ ላይ ጠቁሞ «አያችሁ?» በሚል ዓይን ዞር ብሎ ያያችኋል? ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በ16 ወሩ አንድ ቃል የሌለው፣ በ18 ወሩ በጣቱ የማይጠቁም፣ ሁለት ዓመት ሆኖት ሁለት ቃል የማያገጣጥም ልጅ መታየት አለበት። ይላቸው የነበሩትን ቃላት የተወ ልጅ ከሆነ ደግሞ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን፣ ነገ ዛሬ አትበሉ። እጅ ማርገብገብ፣ በእግር ጣት መራመድ፣ የመጫወቻ መኪናን ትቶ ጎማውን ብቻ ማሽከርከር፣ የባጃጅ ጥሩምባ ሲሰማ ጆሮ ይዞ መጮህ፣ ከአንድ ምግብ ሌላ አለመቅመስም አለ። አንዱ ብቻውን ምንም ላይሆን ይችላል፤ ሲደራረቡ ነው ነገሩ።

የእናት ጥፋት አይደለም። እርግማንም አይደለም። ኦቲዝም ከአንጎል ዕድገት ጋር የሚመጣ ነው፣ የዘር ድርሻውም ትልቅ ነው። ክትባት ነው የሚላችሁ ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የኩፍኝን ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር ያያያዘውን ጽሑፍ ያወጣው መጽሔት ራሱ በ2010 እንደሰረዘው ንገሩት። ቁልቢ መሳልም ሆነ ሼኽ ዘንድ ሄዶ ዱዓ ማስደረግ የእናንተ ነው። ብቻ የሐኪም ቀጠሮ አይቅርበት። ድምፅ የሚያስጨንቀውን ልጅ ደግሞ ታኅሣሥ 19 ያ ሁሉ ሕዝብ መሃል አታስገቡት፤ ስለቱን ግርግር በሌለበት ቀን ብታደርሱ ምን አለበት?

መጀመሪያ የሕፃናት ሐኪም። ድሬ ከሆናችሁ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ ሐረር ከሆናችሁ ሕይወት ፋና ሆስፒታል አለ። ኦቲዝም በደም ምርመራም በራጅም አይታይም፤ የሚታየው ባሕርይ ነው። ልጁ ደግሞ ሐኪም ፊት ወይ ያለቅሳል ወይ ድርቅ ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ሲጫወት፣ ሲበላ፣ ስሙ ሲጠራ በስልክ ቀርጻችሁ ሂዱ፤ እያንዳንዱ አንድ አንድ ደቂቃ ይበቃል። የክትባት ካርዱንም ያዙ። ጆሮው እንዲመረመር ጠይቁ። «ማስታወቂያ ሲሰማ ሮጦ ይመጣል» ብላችሁ አትለፉት፣ በከፊል የማይሰማ ልጅም ሮጦ ይመጣል።

ቴራፒ ሲባል ማሽን ወይ መርፌ አይደለም። ንግግር፣ ጨዋታ፣ ማንኪያ መያዝ፣ ልብስ መልበስ በትንሽ በትንሹ ማስተማር ነው። ቤት ለመጀመር ደግሞ የማንም ወረቀት አያስፈልግም።

ልጁ ማንጎ ይወዳል እንበል። ሳህን ሙሉ ቆርጣችሁ አትስጡት። መሬት ላይ ፊት ለፊቱ ተቀመጡ፣ ዓይናችሁ በእሱ ዓይን ልክ ይሁን። በአንድ እጅ ቁራጭ ማንጎ፣ በሌላው የማይፈልገውን ነገር፣ ለምሳሌ ካልሲ ያዙ። «ማንጎ?» በሉና ዝም በሉ። እዚህ ጋ ነው የሚከብደው፣ ድሬ ዝም ማለት አናውቅም። በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። እጁን ከዘረጋ፣ ካያችሁ፣ ወይ ድምፅ ካወጣ ወዲያው «ማንጎ!» ብላችሁ ስጡት። አገጩን ይዛችሁ «እየኝ» አትበሉት። ቁራጩ ትንሽ ይሁን፣ እንደገና እንዲጠይቅ። መዘርጋቱን ሲለምድ ጣቱን ቀስ ብላችሁ ይዛችሁ መጠቆም አሳዩት። በቀን ትንሽ ትንሽ ጊዜ፣ ሳይሰለች። ሲያለቅስ ልምምዱን ተዉት፣ በኋላ ትመለሱበታላችሁ።

ሥዕልም ይረዳል። የራሱን ኩባያ፣ ጫማ፣ አልጋና የምትሳፈሩበትን ባጃጅ በስልክ አንሱ፣ ፎቶ ቤት አሳጥቡ፣ በእሱ ቁመት ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የጫማውን ሥዕል፣ ከዚያ የባጃጁን አሳዩት። «ሥዕል ካስለመዳችሁት አያወራም» የሚሏችሁን አትስሙ።

አዲስ አበባ ለመሄድ ካሰባችሁ፣ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የከፈተችው ጆይ የኦቲዝም ማዕከል አለ፣ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም አለ። ዘሚ ራሷ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበረች። ወረፋ ስለሚኖር ቲኬት ሳትቆርጡ በፊት ደውሉ። «ቋሚ ቦታ ባይኖር እንኳ ለወላጅ ሥልጠና ትሰጣላችሁ ወይ?» በሉ፤ ከሩቅ ለሚመጣ ቤተሰብ ከሁሉም የሚጠቅመው እሱ ይመስለኛል። የትም ሂዱ የት፣ ወላጅ ገብቶ እንዲያይ የማይፈቅድ ቦታ እኔ ልጄን አልተውም። «በሦስት ወር አድነዋለሁ» የሚል ካጋጠማችሁ ደግሞ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ፣ ኦቲዝምን የሚያድን መድኃኒት የለም። ሐኪም ለእንቅልፍ ወይም ለሚጥል በሽታ የሚያዘው ሌላ ጉዳይ ነው።

ከመመለሳችሁ በፊት ባለሙያው ከልጁ ጋር ሲሠራ ለመቅረጽ አስፈቅዱ። ቀን ቀን ከልጁ ጋር የምትውለው አያት ወይም ሞግዚት ከሆነች፣ ቪዲዮውን ማየት ያለባት እሷ ናት።