ከፐርሰንቱ በፊት ኢንቮይሱን እዩ

ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ቤት ሳሎን ውስጥ ክሬምና ሎሽን ዘርግቼ እሸጣለሁ። እንደ እኔ ከካምፓኒ እያመጣችሁ በቀጥታ ለሰው የምትሸጡ ከሆነ፣ ስለ ሴልስ ታክስ፣ ማለትም ገዢው ከዋጋው ላይ ጨምሮ ስለሚከፍለው የሽያጭ ግብር፣ መጀመሪያ "ስንት ፐርሰንት ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ። "ለስቴቱ የሚልከው ማነው?" በሉ።

እኔ ይህን የተማርኩት ከስሬ ነው። ካምፓኒው ዕቃውን ሲልክልኝ በካታሎጉ ዋጋ አስልቶ ታክሱን አስቀድሞ ወስዶብኝ ኖሯል። ኢንቮይሱን እስከ ታች ማን ያነባል! ከደንበኞቼ የሰበሰብኩትን ደግሞ እኔው ለስቴቱ ላክሁ። ሁለቴ ከፈልኩ ማለት ነው፤ እስካስመልሰው ወራት ፈጀብኝ።

ብዙ የቀጥታ ሽያጭ ካምፓኒዎች እንዲህ ያደርጋሉ። የእናንተም ከሆነ፣ ከደንበኛ የምትቀበሉት ታክስ ቀድማችሁ ያወጣችሁትን መተኪያ ነው። ካልሆነ የሴልስ ታክስ ፈቃድ አውጥታችሁ ራሳችሁ ትልካላችሁ። እኔ ለምሳሌ በጎን የማስመጣው ነጠላ አለ፤ እሱ የራሴ ጣጣ ነው። ፈቃድ ካወጣችሁ በኋላ ደግሞ ምንም ባትሸጡም "ዜሮ" ብላችሁ ሪፖርት ማድረግ አይቀርም።

ወደ ፐርሰንቱ እንምጣ። ሜሪላንድ ቀላል ነው፤ የትም ብትሄዱ 6 ፐርሰንት፣ ካውንቲ የሚጨምረው የለም። ድልድዩን ተሻግሬ ቨርጂኒያ ውስጥ ዕቃ ካስረከብኩ ግን ታክሱ የቨርጂኒያ ነው። በዲሲ ዙሪያ 6፣ ራቅ ብዬ ሮኖክ ብወርድ 5.3 ነው። የሜሪላንድ ፈቃዴም እዚያ አይሠራም። ደላዌር ጭራሽ ሴልስ ታክስ የላትም። ቴክሳስ የስቴቱ 6.25 ሆኖ ከተማውና ካውንቲው ይጨምሩበታል፤ ሁሉም ተደምሮ ከ8.25 አያልፍም።

ዚፕ ኮድን ብቻ አትመኑ። የተሠራው ለፖስታ ነው፤ አንዱ ዚፕ ኮድ ሁለት ከተማ ሊነካ ይችላል። የከተማ ታክስ ባለበት ስቴት ሙሉ አድራሻውን የስቴቱ ታክስ ቢሮ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ፈልጉ።

አንድ ሒሳብ ደግሞ ብዙ ሰው ይሸውዳል። ደንበኛዬ "ጥቅልሉን ንገሪኝ" ብላ ታክሱን ጨምራ 53 ዶላር ሰጠችኝ እንበል። የ53ን 6 ፐርሰንት ካሰብኩ 3.18 ይመጣል፤ ስህተት ነው። 53ን ለ1.06 አካፍላለሁ። ዋጋው 50፣ ታክሱ 3 ዶላር። ደረሰኙ ላይም ለያይቼ እጽፈዋለሁ። የፖስታ ወጪም እንዲሁ፤ ሜሪላንድ ውስጥ ለብቻው ከተጻፈ ታክስ የለውም፣ ከማሸጊያ ጋር ከተደባለቀ ግን አለው።

የነጠላውን ታክስ ሌላ አካውንት ውስጥ አስቀምጣለሁ። ሪፖርቱ የሚገባው በተከታዩ ወር 20ኛ ቀን ነው፤ እስከዚያ ካርዱን ባለቤቴ እንዲይዘው አድርጌያለሁ።