ሜካኒካል ምህንድስና ደርሷችኋል? አምስቱን ዓመት እንዲህ አቅዱት

በእኛ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው እምብዛም ኮርስ አይመርጥም። በየሴሚስተሩ የሚወሰደው ካሪኩለሙ ላይ ተጽፎ ይጠብቃችኋል። በእጃችሁ ያለው ስትሪም (የምትለዩበት ዘርፍ)፣ ጥቂት ኢሌክቲቭ (የምርጫ ኮርስ)፣ ኢንተርንሺፕ የምትወጡበት ቦታና የመመረቂያ ፕሮጀክት ነው። ለዚህም ይመስለኛል ብዙ ልጅ «ታዲያ ምኑ ይታቀዳል?» ብሎ የሚተወው። የሚታቀደው ጉልበታችሁ ነው። ኮርስ ሁሉ እኩል አይደለም፤ አንዳንዱን ካለፋችሁት አበቃ፣ አንዳንዱ ደግሞ እስከ ምርቃት ይከተላችኋል።

መጀመሪያ ዲፓርትመንት ሂዱና የራሳችሁን ባች ካሪኩለም ጠይቁ። ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን አትመኑት፣ ካሪኩለም ይከለሳል፣ የሲኒየሮቻችሁ ከእናንተው ሊለይ ይችላል። ከዚያ ትልቅ ወረቀት ላይ ኮርሶቹን በየሴሚስተሩ ደርድሩና ከእያንዳንዱ ፕሪሪኩዚት (ቀድሞ መወሰድ ያለበት ኮርስ) ወደሚቀጥለው ኮርስ ቀስት ሳቡ። ቀስት የበዛበትን ኮርስ በቀይ አክብቡት። የጥናት ሰዓታችሁ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው።

ስትጨርሱ ሁለት ረጃጅም ሰንሰለቶች ይታዩአችኋል። አንዱ የዲዛይን ነው፦ ስታቲክስ (በቆመ አካል ላይ የሚያርፉ ኃይሎች)፣ ስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ (የቁስ ጥንካሬ)፣ ማሽን ኤለመንትስ (የማሽን ክፍሎች)፣ ከዚያ የማሽን ዲዛይን ፕሮጀክት። ሌላው የቴርማል (የሙቀትና የኃይል) ነው፦ ቴርሞዳይናሚክስ፣ ፍሉይድ ሜካኒክስ፣ ሂት ትራንስፈር፣ ከዚያ ሪፍሪጅሬሽን፣ ተርቦማሽነሪና ፓወር ፕላንት። ዳይናሚክስ ደግሞ ለብቻው ወደ ሜካኒዝምና ወደ ቫይብሬሽን ይወስዳችኋል።

የመጀመሪያውን ሰንሰለት በምሳሌ ላሳያችሁ። ማሽን ኤለመንትስ ላይ አንድ ሻፍት (የሚሽከረከር ዘንግ) ዲዛይን አድርጉ ትባላላችሁ፤ መሃሉ ላይ ጊር፣ ጫፉ ላይ ፑሊ አለው። በመጀመሪያ ፍሪ ቦዲ ዲያግራም ስላችሁ ዘንጉን የሚሸከሙት ቤሪንጎች ላይ የሚያርፈውን ሪአክሽን (የአጸፋ ኃይል) ታወጣላችሁ፣ ይሄ ስታቲክስ ነው። ቀጥሎ የቤንዲንግ ሞመንት ዲያግራም ትስሉና ቤንዲንጉና (መጉበጡና) ቶርሽኑ (መጠምዘዙ) አንድ ላይ ቁሱ ውስጥ የሚፈጥሩትን ስትረስ ታሰላላችሁ፣ ይሄ ስትሬንግዝ ነው። አዲሱ ትምህርት፣ ማለትም ፋቲግ (ጭነት ሲደጋገምበት ቁሱ መድከሙ)፣ የስትረስ ኮንሰንትሬሽን፣ ሴፍቲ ፋክተር፣ የሚጀምረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስታቲክስን ሸምድዶ ያለፈ ልጅ ገና ሪአክሽኑ ላይ ይሳሳትና ከዚያ በታች ያለው ስሌት በሙሉ አብሮ ይበላሻል፣ እሱ ግን የከበደው ማሽን ኤለመንትስ ይመስለዋል። ስለዚህ ስታቲክስ ላይ ጥያቄ በብዛት ሥሩ። ማንበብ ብቻውን አይበቃም፣ እጅ መልመድ አለበት።

ቴርሞዳይናሚክስም እንዲሁ ነው። የስቲም ቴብል (የእንፋሎት ሰንጠረዥ) አጠቃቀምንና የኢነርጂ ባላንስ አጻጻፍን አንዴ በደንብ ከያዛችሁ ራንኪን ሳይክልም (የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ ዑደት) የፍሪጅ ሳይክልም ብዙ አይከብዱም።

አፕላይድ ማትን እንደ ፍሬሽማን ግዴታ ብቻ የሚያዩት አሉ፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ቫይብሬሽን፣ ሂት ትራንስፈርና ኮንትሮል ላይ ተመልሶ ይመጣል። ያን ጊዜ መምህሩ ሒሳቡን እንደምታውቁት ቆጥሮ ያልፈዋል።

ኤፍ ከመጣስ? ወዲያው አስሉ። ብዙ ኮርስ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው፣ ሰንሰለት ውስጥ ያለ ኮርስ ከወደቀ ከኋላው ያሉትንም ይይዛቸዋል፣ አንድ ኤፍ ዓመት ሙሉ ሊያዘገይ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የዩኒቨርሲቲያችሁን ሌጅስሌሽን (መተዳደሪያ ደንብ) አንብቡ፣ ክረምት ላይ ይከፈት እንደሆነ ጠይቁ፣ ኮርሱን ከታችኛው ባች ጋር ለመውሰድ አድ የማድረጊያ (የመመዝገቢያ) ቀን እንዳያልፍባችሁ። አድቫይዘራችሁን ለማናገር ሴሚስተሩ እስኪጋመስ አትጠብቁ።

ክረምቱን ለሶፍትዌር አውሉት። ድሮዊንግ በእጅ ከተማራችሁ በኋላ ያለው ክረምት እንደ ሶሊድወርክስ ወይም ካቲያ ላሉ የዲዛይን ሶፍትዌሮች ምቹ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ለማትላብ (የስሌት ሶፍትዌር) ይሁን። ሴሚስተር ውስጥ ከላብ ሪፖርትና ከወርክሾፕ ጋር አብሮ አይሄድም።

ስትሪም ላይ በጓደኛ አትወስኑ። ቴርማል፣ ዲዛይን፣ ማኑፋክቸሪንግ፣ አውቶሞቲቭ፣ የሚከፈተው እንደየዩኒቨርሲቲው ይለያያል። የትኛው ሰንሰለት ላይ ሳትሰለቹ እንደምትቀመጡ አስቡ፣ ከዚያ አገሪቱ ውስጥ ያለውን ሥራ ተመልከቱ። የሕዳሴ ግድብ የፍራንሲስ ተርባይኖች፣ የአዳማ የንፋስ ኃይል፣ የረጲው ቆሻሻን ወደ ኃይል የሚቀይር ጣቢያ፣ ሁሉም የቴርማልና የፍሉይድ ሰው ይፈልጋሉ። አውቶሞቲቭ የምታስቡ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ ብዙዎች «የኤሌክትሪካል ልጆች ነው» ብለው የሚንቁት የኤሌክትሪክ ማሽን ኮርስ ለእናንተ ትልቅ ነገር ነው። ሞተርና ባትሪ የማይገባው የአውቶሞቲቭ ምሩቅ ይቸገራል።

ኢንተርንሺፕ ቦታ ከአንድ ሴሚስተር በፊት ፈልጉ። ጥሩ ጥሩዎቹ ቦታዎች ቶሎ ይሞላሉ። ሜንቴናንስ ክፍል ያለው ፋብሪካ ብታገኙ እኔ እሱን እመርጣለሁ፣ የተሰበረ ሻፍትና የተበላ ቤሪንግ በዓይናችሁ ታያላችሁ፣ ለምን እንደተሰበረም ትጠይቃላችሁ።

የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። የሚያካትታቸውን ኮርሶች ዝርዝር ሦስተኛ ዓመት ላይ ከዲፓርትመንት ውሰዱና ከቀስቱ ወረቀት ጋር አስተያዩት። በቀይ ካከበባችኋቸው ውስጥ ብዙዎቹ እዚያም ታገኟቸዋላችሁ። ኮርሱን እንደጨረሳችሁ የፎርሙላና የዋና ዋና ሐሳብ ማጠቃለያ በሁለት ገጽ ጻፉና አስቀምጡ፤ አምስተኛ ዓመት ላይ የምታነቡት እሱን ይሆናል እንጂ ያን ሁሉ ሃንድአውት ለመክፈት ጊዜ የላችሁም።

ለመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ኢንተርንሺፕ ላይ ሳላችሁ ደብተር ያዙ። ፋብሪካው ውስጥ ደጋግሞ የሚበላሸውን ነገር፣ ስፋቱን፣ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ የሚሸከመውን ጭነት ለክታችሁ መዝግቡ፣ ከተፈቀደላችሁም ፎቶ አንሱት። ይህን ይዛችሁ አድቫይዘር ፊት ስትቀርቡ «ርዕስ ስጡን» ከማለት ትድናላችሁ፣ ቡድናችሁም ገና ከመጀመሪያው ሳምንት ስሌት ውስጥ ይገባል።