ወላጆች የሚታደሙበት የሩጫ ውድድር በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት

ቀኑን ስትመርጡ ከጥር 10 እስከ 12 ያለውን ተዉት። ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ ጎንደር በሙሉ ታቦት በማጀብ ላይ ነው፤ ቤቱም በእንግዳ ይሞላል። የጥር መጨረሻ ግን ሜዳው ደረቅ ስለሆነ ተመራጭ ነው። የጥሪ ወረቀቱ ላይ «ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል» ብላችሁ ቁርጥ አድርጉት፤ ፀሐዩ ሳይከር ሩጫው ያልቃል።

ለ60 ሜትር ሩጫ መስመሩን በኖራ አስምሩ፤ የአንዱ መም (አንድ ልጅ የሚሮጥበት መስመር) ስፋት 1.22 ሜትር ነው። ኖራ ዓይን ስለሚያቃጥል ልጆች አይንኩት። ከማብቂያው በኋላ ቢያንስ 15 ሜትር ባዶ ይሁን። ይህን በፍጹም አትለፉት! ወላጅ ልጁን ሊያቅፍ መስመሩ ላይ ይቆማል፤ ልጁም እንዳይጋጭ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ፍጥነቱን ይቀንሳል። በሁለቱም ጎን ገመድ ወጥሩና አስተባባሪ መምህር አቁሙ።

ሰዓት የሚይዘው ሰው የፊሽካ ድምፅ አይጠብቅ፤ ድምፁ 60 ሜትር ለመድረስ 0.17 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። አስጀማሪው ባንዲራ ያውርድ፣ ሰዓት ያዢው ያንን አይቶ ይጫን። በእጅ የተያዘ ሰዓት ወደ ላይ ይጠጋጋል፦ 9.43 ሲመጣ 9.5 ተብሎ ይመዘገባል።

ለዱላ ቅብብል የውሃ ቧንቧ ፕላስቲክ 30 ሴንቲሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ጠርዙ እጅ እንዳይቆርጥ በሞረድ ይለስልስ።

ውጤቱን በማግስቱ ለጥፉ፦ ስም ከነአባት፣ ክፍል፣ ርቀት፣ ሰዓት። አራተኛና አምስተኛ የወጡትንም ጻፉ፤ ወላጅ ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ የሚፈልገው የልጁን ስም ነው።