ነጠላ ዜማችሁን ከመልቀቃችሁ በፊት ተፈራረሙ

በራሳችሁ ገንዘብ ነጠላ ዜማ ልትሠሩ ከሆነ ስቱዲዮ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ወረቀት አዘጋጁ። ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን፣ ለማን ስንት ብር እንደተከፈለ፣ ወደፊት ገቢ ከመጣ ደግሞ ማን ስንት በመቶ እንደሚወስድ ይጻፍበትና ሁሉም ይፈርም። «ኧረ እኛ ወንድማማች ነን» የሚባለው ዘፈኑ እስኪመታ ነው።

ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብት የሚገኘው በምዝገባ አይደለም፤ ሥራው ወጥ (ከሌላ ያልተቀዳ) ሆኖ ከተቀረጸ በቂ ነው። መብቱን ለሌላ ማስተላለፍም በጽሑፍ መሆን አለበት። ቢሆንም አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄዳችሁ አስመዝግቡ፣ ክርክር ሲነሳ ማስረጃ ይሆናችኋል።

ትልቁ ወጥመድ ያለው ዩቲዩብ ላይ ነው። ብዙ ተከታይ ያለው ቻናል «ክሊፑን እኔ ላሠራ፣ እኔ ጋ ይለቀቅ» ይላል። ክፉ ሐሳብ አይደለም፣ ክሊፕ ማሠራት ለጀማሪ ወገብ ይቆርጣል። ግን ለስንት ዓመት? ክሊፑን ብቻ ነው ወይስ ኦዲዮውንም? የጥሪ ማሳመሪያውስ? እኔ ብሆን ክሊፑን ለተወሰነ ዓመት ሰጥቼ ማስተሩን (ዋናውን የድምፅ ቅጂ) ለራሴ አስቀራለሁ። ውሉ ውስጥ «ለዘላለም» የሚል ቃል ካያችሁ ብሩ ምንም ያህል ቢያጓጓ ለጠበቃ ሳታሳዩ አትፈርሙ።

ስፖቲፋይና አፕል ሚውዚክ ከዘፋኝ በቀጥታ ስለማይቀበሉ አከፋፋይ፣ ማለትም ዘፈናችሁን ወደ እነሱ የሚያደርስ ድርጅት ያስፈልጋችኋል። ከአከፋፋዮቹ ዲስትሮኪድ በየዓመቱ ያስከፍላል፤ ክፍያውን ካቋረጣችሁ፣ ለማቆያ ተጨማሪ ካልከፈላችሁ በቀር፣ ዘፈኑ ሊነሳ ይችላል። ሲዲ ቤቢ አንዴ ያስከፍልና ከገቢው 9 በመቶ ይቆርጣል። አልፎ አልፎ ለሚለቅ ሰው ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ። አካውንቱን ውጭ ያለ ዘመድ ከከፈተላችሁ የይለፍ ቃሉ እናንተም ጋ ይኑር፣ ገንዘቡ መቼ መቼ እንደሚላክም ከእሱ ጋር ተፈራረሙ። አዎ፣ ከዘመድም ጋር።

የስትሪሚንግ ሳንቲም ተጠራቅሞ ቁም ነገር እስኪሆን ብዙ ያስጠብቃል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ አድናቂ ግን ባንድካምፕ በሚባለው የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ አልበሙን በቀጥታ ሊገዛችሁ ይችላል። ድርጅቱ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶና የክፍያ ማስተላለፊያውን ወስዶ ቀሪውን ይሰጣችኋል፣ ከተመናችሁት ዋጋ በላይ መክፈል የፈለገም ይከፍላል። ችግሩ ክፍያው የሚደርሳችሁ በፔይፓል (በኢንተርኔት ገንዘብ ማስተላለፊያ) መሆኑ ነው፤ አገር ቤት ላለ ሰው እዚህም ላይ ያ ዘመድ ያስፈልጋል።

ከስቱዲዮ ስትወጡ ታዲያ ኤምፒ3 ብቻ ይዛችሁ እንዳትወጡ። ዌቭ ፋይሉን (ጥራቱ ያልተቀነሰውን)፣ የዘፋኝ ድምፅ የሌለበትን ኢንስትሩመንታልና የየመሣሪያውን ትራክ ለየብቻው ተቀበሉ፣ ቀሪውን ክፍያም ከዚያ በኋላ ስጡ።