የእንጦጦን ዳገት በሳይክል ለመውጣት፦ ሽሮ ሜዳ ላይ አትቸኩሉ

«እንጦጦን መቼ ነው የምንወጣው?» ለሳይክል ልምምድ ሱሉልታ ካምፕ በገባን ማግስት ከልጆቹ የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ይሄ ነው። መልሴም ሁሌ አንድ ነው፤ ሳንባችሁ አገሩን ሲለምድ።

ሱሉልታ ከባህር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከድሬዳዋ የመጣ ልጅ 1,200 ሜትር ላይ ሲያድር ከርሞ ነው እዚህ የሚገባው። ከሐዋሳ የመጣውም ቢሆን ከ1,700 ሜትር ነው የተነሳው። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች እንቅልፍ ይቆራረጣል። ደረጃ ሲወጡ እንኳ ልብ ድው ድው ይላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት የሜዳ ሳምንት ነው። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ቀለል አድርጎ መንዳት፣ ውሃ ደህና አድርጎ መጠጣት፣ በጊዜ መተኛት። በቃ።

ካምፓችን ውስጥ ያሉት ልጆች ትልቅ ዳገት የሚያውቁት በቴሌቪዥን ነው። ፅጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በፈረንሳዩ ትልቅ የሳይክል ውድድር፣ በቱር ደ ፍራንስ፣ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑን ሁሉም ያውቃሉ፤ እሱን መሆን ነው የሚመኙት። ደስ ይለኛል። ችግሩ፣ ስክሪኑ ላይ የሚያስታውሱት የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች ብቻ ነው፤ አንዱ ከኮርቻው ብድግ ብሎ ሲፈተለክ። ያው ሰው ከዚያ በፊት ለሰዓታት ከቡድን ጓደኛው ጀርባ ተጠልሎ ጉልበቱን ሲቆጥብ ልብ የሚለው የለም።

ከፍታውንም አስቡት። ፈረንሳይ ውስጥ ስሙ የገነነው የቱርማሌ ዳገት ጫፉ 2,115 ሜትር ነው። እኛ ስድስት ኪሎ ስንቆም፣ ገና ዳገቱን ሳንነካ፣ ከዚያ በላይ ነን። እንጦጦ ማርያም አካባቢ ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ባህር ዳርቻ ላይ ከሚገኘው 70 በመቶ ያህሉን ነው። ዝቅ ያለ አገር ላይ ትንሽ ከአቅም በላይ የነዳ ሰው ቀስ ሲል ትንፋሹ ይመለስለታል። እዚህ ግን ዳገቱ ሳያልቅ አይመለስም። እንጦጦን የምታበላሹት ላይ ደርሳችሁ አይደለም፤ ገና ዳገቱ ሲጀምር፣ ሽሮ ሜዳ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ከሁሉ በፊት ማርሽ። ብዙዎቹ ልጆች የሚያመጡት አሮጌ የውድድር ሳይክል ነው፤ ፊት ትንሹ ማርሽ 39 ጥርስ፣ ኋላ ትልቁ 25። እስቲ በቁጥር እንየው። ፊት 34 ኋላ 32 ይዛችሁ በደቂቃ 70 ጊዜ ብታሽከረክሩ በሰዓት ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ተኩል አካባቢ ትሄዳላችሁ። በዚያው ፍጥነት በ39 እና በ25 ለመሄድ ግን እግራችሁ በደቂቃ ወደ 48 ይወርዳል። ያ መርገጥ እንጂ ማሽከርከር አይደለም፤ ጉልበት ላይ ነው የሚያርፈው። ገንዘብ ካላችሁ አዲስ ጎማ ወይም ቀላል ኮርቻ ከመግዛታችሁ በፊት የኋላውን ማርሽ ቀይሩ። 32 ጥርስ ማስገባት ከፈለጋችሁ ደግሞ የኋላው ማርሽ ቀያሪ ይችለው እንደሆነ መካኒኩን ጠይቁት፤ ካቴናውም መርዘም ሊኖርበት ይችላል። ቀላል ማርሽ ደካማ ሰው የሚይዘው ነው የሚለውን ወሬ አትስሙ።

ቁርስ ከመነሳታችሁ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ይበላል። ገንፎ ወይም ዳቦ በማር እመርጣለሁ፤ ቅቤው ግን ጥቂት ይሁን፣ ሆድ ላይ ይቆያል። አንዱ ኮዳ ውሃ፣ ሌላው ቀጠን ያለ በሶ በስኳርና በቁንጥር ጨው። በሶው ከወፈረ ዳገት ላይ አይዋጥም። ኪስ ውስጥ ሁለት ሙዝ።

ከሱሉልታ በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ ከተማ ስንወርድ ቁልቁለት ስለሆነ እግር ይቀዘቅዛል። ከቀዘቀዘ እግር ጋር ዳገት አይጀመርም። ስለዚህ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ያለችውን ለስላሳ ዳገት ለማሟሟቂያ እንጠቀምባታለን፤ ሁለት ሦስት ጊዜ እንመላለስባታለን። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይህን ጨርሰን በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ሽቅብ እንላለን።

ሽሮ ሜዳ። የሀበሻ ቀሚስ ሱቆቹ ገና ሳይከፈቱ ማለፍ አለባችሁ፤ ከረፈደ መንገዱ አያሳልፍም። ሚኒባሶች ድንገት ይቆማሉ፣ በሩ ደግሞ በቀኝ በኩል ይከፈታል። በቆመ ታክሲ ቀኝ ሾልካችሁ ለማለፍ አትሞክሩ። ከኋላውም ተለጥፋችሁ አትውጡ፤ የጭስ ማውጫውን ነው የምትተነፍሱት። ጠብቁት፣ ይሂድ። እዚህ ጋ እግራችሁ ገና ትኩስ ነው፣ «ይሄ ነው እንዴ እንጦጦ?» ያሰኛችኋል። ጓደኛችሁ ጥሏችሁ ይሄዳል። ይሂድ።

ልኩን በምን ታውቁታላችሁ? የልብ ምት መቁጠሪያ ካላችሁ ጥሩ ነው፤ ግን እሱ ዘግይቶ ነው የሚናገረው፤ ቁጥሩ ሲወጣ እግራችሁ ቀድሞ ተበልቷል። እኔ የማምነው ሰላምታን ነው። መንገዱ ላይ ኪዳን አድርሰው የሚመለሱ እናቶች አሉ፣ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱም አሉ። «እንዴት አደሩ እማማ? ሰላም ነዎት?» በሉ። ሳይቆራረጥ ከወጣላችሁ ልክ ናችሁ። «እንዴት…» ብላችሁ አየር ከሳባችሁ በዝቷል፤ አንድ ማርሽ አቅሉ። ከሽሮ ሜዳ እስከ ባህር ዛፉ መጀመሪያ ድረስ ሰላምታው ሙሉ መሆን አለበት። ለሰውም ጥሩ ነው፤ በሰው ሰፈር ሰላም ሳይሉ ማለፍ አልወድም።

ባህር ዛፉ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ መንገዱ ይጠማዘዛል። የኩርባው የውስጥ ጠርዝ አጭር ነው፣ ግን ዳገቱ እዚያ በጣም ቀጥ ይላል። መኪና ከሌለ ከመስመራችሁ ሳትወጡ ሰፋ አድርጋችሁ ውሰዱት። እዚህ ላይ ነው እጅ የሚታየው። የደከመ ልጅ መሪውን አንቆ ይይዛል፤ የጣቶቹ መገጣጠሚያ ነጭ ይሆናል፣ ትከሻው ጆሮው ጋ ይደርሳል፣ ጥርሱ ይነከሳል። ከኋላው ሆኜ ሳይ ከእግሩ በፊት ክርኑ ይነግረኛል። መዳፋችሁን መሪው ላይ እንደ ማሳረፍ አድርጉት፣ ክርን ይታጠፍ፣ አገጭ ይላላ። ደረት ሲከፈት ትንፋሽ ወደ ሆድ ይወርዳል። ከኮርቻ መነሳት ይቻላል፤ ግን ለጀርባ ማሳረፊያ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ። ስትነሱ አንድ ማርሽ አክብዱ፣ አለበለዚያ ሳይክሉ ወደ ኋላ ተወርውሮ የተከታያችሁን ጎማ ይነካል።

በዚህ ሁሉ መሃል መጠጣት ይረሳል። ብርድ ስለሆነ ጥማት አይሰማም፤ ደረቁ አየር ግን ውሃውን ከትንፋሽ ይወስደዋል። በየ10 ደቂቃው አንድ ጉንጭ። ሙዙን ቀለል የሚልበት ቦታ ላይ ብሉ፣ ዳገቱ ቀጥ ሲል ማኘክና መተንፈስ አብረው አይሆኑም።

የቀራችሁ ጉልበት ካለ ማውጫው ከመጨረሻዎቹ ኩርባዎች ጀምሮ ነው። አሁን ሰላምታው ይቆራረጥ፣ ግድ የለም። ሽሮ ሜዳ ላይ ጥሎን የሄደው ልጅ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚህ ነው፤ ስታልፉት «አይዞህ፣ ግባ ከኋላዬ» በሉት።

ላይ ስትደርሱ ላብ ሳይደርቅ ጃኬት ልበሱ። ጃኬት ከሌለ ጋዜጣ ደረት ላይ ማስገባት የቆየ የብስክሌተኛ ዘዴ ነው፤ ነፋሱን ያግዳል። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን የሚያዘው ኩርባው ሳይጀመር ነው፣ ከውስጥ ሆኖ አይደለም። ያለማቋረጥ አትያዙት፤ ያዝ፣ ለቀቅ። በክረምት የባህር ዛፍ ቅጠልና ጎርፍ ያወረደው ጭቃ አስፋልቱ ላይ ይተኛል። ጎማው እዚያ ላይ ከተንሸራተተ የሚያተርፍ ነገር የለም። ዝናብ ከጣለ እኔ ልጆቹን በፒካፕ ነው የማወርዳቸው፤ ቅር ቢላቸውም።

ካምፕ እንደገባችሁ ሻወር ከመግባታችሁ በፊት ብሉ። እንጀራ በሽሮም ይሁን ፓስታ፣ ከተቻለ እንቁላል ይጨመርበት። በሳምንት ሁለት ጊዜ እንጦጦ ይበቃል፤ በመሃሉ ቢያንስ ሁለት የቀለለ ቀን ይግባ። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ የልብ ምታችሁን ቁጠሩ። ከወትሮው በግልጽ ከፍ ካለ የዚያን ቀን ሱሉልታ ሜዳ ላይ ትውላላችሁ፣ ሌሎቹ እንጦጦ ቢሄዱም።