ቅኝትን ወደ ፒያኖ ስታመጡ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ጎበዝ ወጣት መጥቶ አምባሰል ተጫወተልኝ። ጣቶቹ የሠለጠኑ ናቸው፤ ሾፓን ሲጫወት ብትሰሙት ትወዱታላችሁ። የአምባሰሉንም ዜማ በቀኝ እጁ ያለ እንከን አወጣው። ግራ እጁ ሲገባ ግን አምባሰሉ ጠፋና ትዝታ ቦታውን ያዘ። ልጁ ይህን አልሰማውም። እኔ ደግሞ ስንት ተማሪ እንዲህ እንዳደረገ መቁጠር ካቆምሁ ቆይቻለሁ። ስለዚህ በዚሁ ልጀምር፤ ኮርድ ስል አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆችን ማለቴ ነው።

በዜማው ሥር የለመዱትን ኮርድ መደርደር

ቅኝት ማለት ዜማው የሚሠራባቸው አምስት ድምፆችና የሚያርፍበት ቤት ነው። አምባሰልን ከዶ እናንሳው፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። አሁን አንዱንም ድምፅ ሳትቀይሩ ከፋ ጀምሩ፦ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ ፍላት። ይህ ትዝታ ማይነር ነው። አምስቱ ድምፆች ያው ናቸው፤ የተለየው ዜማው ቤቴ ብሎ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ማሲንቆ የሚመታ ሰው ቤቱን በመመላለስና በማረፍ ያሳውቃችኋል። ፒያኖ ተጫዋቹ ግን በግራ እጁ ፋ ማይነር ሲመታ፣ ባሱ ፋ ስለሆነ፣ ቤቱን ነቅሎ ፋ ላይ ይተክለዋል። ቀኝ እጁ የፈለገውን ያህል አምባሰል ቢጫወት አድማጩ የሚሰማው ትዝታ ነው። ባቲ ማይነርና ትዝታ ሜጀርም እንዲሁ ድምፅ ይጋራሉና እዚያም ያው አደጋ አለ።

ሁለተኛው ጥፋት ሐረግ ሲዘጋ ይመጣል። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ፋም ሲም የለበትም። ኮርድ የተማረ እጅ ግን ማሳረጊያው ላይ ሲደርስ በልማድ ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋን አንድ ላይ ይጫናል። በቅኝቱ ውስጥ የሌሉት ሁለቱ ድምፆች ተጠራርተው ገቡ ማለት ነው። በአውሮፓ ሙዚቃ የዚህ ኮርድ ሥራ መግፋት ነው፤ ሲ ወደ ዶ ትወጣለች፣ ፋ ወደ ሚ ትወርዳለች፣ ጆሮም “ደረስን” ይላል። ትዝታ እንዲህ ተገፍቶ ቤቱ አይገባም። ሲ ስትሰማ እናቴ ፊቷን ቅጭም ታደርግ ነበር፤ ኖታ አታውቅም፣ ግን ታውቅ ነበር። እኔ ውጭ አገር ተማሪ ሳለሁ ያቀናበርኋቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሥራዎች በሙሉ በዚህ ኮርድ ነው የሚዘጉት። መምህሮቼ አመሰገኑኝ። የአገሬ ሰው ሲሰማቸው ዝም አለ። ዝምታውን ለመረዳት ዓመታት ፈጀብኝ።

እባካችሁ ግራ እጃችሁን ለአንድ ወር ከኮርድ አስጹሙት። የቅኝቱን ቤት ብቻ ያዙ፤ በአንድ ድምፅ። ከዚያ ዶና ሶልን አንድ ላይ፣ ሌላ ምንም ሳትጨምሩ። ስትለምዱት ከራሱ ከቅኝቱ አምስት ድምፆች ሁለት ሁለቱን እያጣመራችሁ ሞክሩ፤ የክራር ጅማቶች አብረው ሲመቱ የሚሰጡትን ድምፅ ያህል ታገኛላችሁ። አንቺ ሆዬ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነውና ሶል የለውም። ዶና ሶልን በልማድ ከያዛችሁ ቅኝቱ ተሰበረ። እዚያ ዶን ከዶ ጋር፣ ወይም ዶን ከፋ ጋር።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። የሃንጋሪው አቀናባሪ ቤላ ባርቶክ ከአቀናባሪው ዞልታን ኮዳይ ጋር ፎኖግራፍ (የድምፅ መቅጃ) ተሸክሞ በሃንጋሪ መንደሮች የገበሬ ዜማ ሲሰበስብ ያው ጥያቄ ገጥሞታል፤ መልሱንም ከዜማው ውስጥ ፈልጎ አገኘው። አብረው የሚሰሙትን ድምፆች ዜማው በተከታታይ ከሚያሰማቸው ድምፆች አወጣ። ቁጭ ብላችሁ አጥኑት።

ጌጡን ከጃዝ መዋስ

ፒያኖ እንደ ማሲንቆ አይንሸራተትም፤ ቁልፎቹ 88 ናቸው፣ በመካከላቸው ምንም የለም። ስለዚህ አጫጭር ጌጥ ድምፆችን እንጠቀማለን። ጌጡ ግን ከቅኝቱ ጎረቤት ድምፅ መምጣት አለበት። ከሚ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ካለው ቁልፍ ተነስታችሁ ወደ ሚ ብትሄዱ ሌላ አገር ገባችሁ።

ፔዳል ሲረገጥ ድምፆቹ ሳይቋረጡ ይደራረባሉ። ትዝታ ሜጀር ግማሽ ድምፅ ስለሌለው ይታገሣችኋል። አምባሰልና አንቺ ሆዬ ዶንና ሬ ፍላትን አጠገብ ለአጠገብ ይዘዋልና አይታገሡም።

ችክችካን በጣት መቁጠር

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት እያሉ እኩል መጫን ችክችካን ይገድለዋል። ፒያኖውን ዝጉ፣ ተነሡ፣ አጨብጭቡ፣ ትከሻችሁ እስኪገባው ድረስ። አንድ አውሮፓዊ ተማሪዬ ሁለት ወር ሙሉ አልሆነለትም ነበር፤ ሠርግ ይዤው ሄድሁ፤ በማግሥቱ ተጫወተው።

“የራሳችን ስለሆነ ስኬል አያስፈልግም”

ስኬል፣ ማለትም ድምፆችን በተራ እየወጡ እየወረዱ መለማመድ፣ ያስፈልጋል። ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ፣ በኋላም ካይሮ ሙዚቃ ተምረዋል። ፒያኖ ተጫዋቹ ግርማ ይፍራሸዋ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተነስቶ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ድረስ ሄዶ ተምሯል። የሁለቱ ነፃነት የሠለጠነ እጅ ነፃነት ነው። ባኽን በየቀኑ ተጫወቱ።

የኢትዮጵያን ሥራ ለምርቃት ማስቀረት

ይህ የሚያሳዝነኝ ነው። ወጣቱ ቤትሆቨንን፣ ሾፓንን፣ ሊስትን በፕሮግራሙ ላይ ያስቀምጥና የአገሩን ሥራ ጭብጨባው ካለቀ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይሰጠዋል። አድማጩ ኮቱን ይዟል። እኔም ለብዙ ዓመት አድርጌዋለሁ፤ ፈርቼ ነበር። ከዕረፍቱ በፊት አስቀምጡት፣ ከትልቁ ሥራ አጠገብ፤ ጆሮው ትኩስ እያለ።

ፒያኖውን ቀድሞ አለመስማት

ፒያኖ የእንጨት ዕቃ ነው። በአዲስ አበባ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወራት የድምፅ ሰሌዳው ይደርቃል፣ ድምፁም ይወርዳል። ካልተቃኘ ቆይቶ ከሆነ ብዙ ይወርዳል። ብቻችሁን ስትጫወቱ ይታለፍ ይሆናል። ከአገር ቤት መሣሪያ ጋር ስትጫወቱ ግን አይታለፍም።

አንድ ጊዜ ከአንድ አንጋፋ ዋሽንት ተጫዋች ጋር ለኮንሰርት ተዘጋጀን። ልምምዱን የሠራነው በኪቦርድ ነው፤ ኪቦርድ አይወርድም። በዕለቱ አዳራሹ ስንደርስ ፒያኖው ሩብ ድምፅ ያህል ወርዷል። ማሲንቆ ቢሆን ጅማቱን ላላ አድርጎ ይቃኛል፤ ዋሽንት ግን አንዴ ከተበሳ በኋላ ቀዳዳው አይንቀሳቀስም። አንጋፋው ከረጢታቸውን ፈትተው የያዟቸውን ዋሽንቶች አንድ በአንድ ሞከሩ። አንዱ ከፍ ይላል፣ አንዱ ዝቅ ይላል። በመጨረሻ ዋሽንቱን ጠቅልለው፣ “ልጄ፣ አንተ ተጫወት፤ እኔ ሌላ ቀን” አሉኝ። ከጥቁር አንበሳ ማዶ ሁለት ታክሲ ይዘው የመጡ አዛውንት ሳይነፉ ተመለሱ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከሦስት ቀን በፊት ሄጄ አንዲት ላ ብመታ ኖሮ ቃኚ ማስጠራት እንችል ነበር።

አሁን ከየትኛውም ስምምነት በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ መጨረሻ የተቃኘው መቼ ነው? መጥቼ መሞከር እችላለሁ?

ልጆችን በመጽሐፍ ዜማ ብቻ ማስጀመር

ከውጭ የመጡት የጀማሪ መጻሕፍት የጣት ትምህርታቸው ጥሩ ነው፤ እኔም እጠቀምባቸዋለሁ። ልጁ ቤት ውስጥ የሚሰማውን ዜማ ግን አንድም ገጽ ላይ አያገኘውም። ያኔ ፒያኖ የትምህርት ቤት ነገር፣ የቤቱ ዜማ ደግሞ የፒያኖ ያልሆነ ነገር ይመስለዋል። ይህን ለማረም ኖታ እስኪያነብ መጠበቅ አያስፈልግም።

ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር የዘጠኝ ዓመት ልጅ በኢንተርኔት አስተምራለሁ። በመጀመሪያው ትምህርታችን ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ እንድትነካ ነገርኋት፤ ከፋ ሻርፕ ጀምራ፣ እዚያው እንድታርፍ። ጥቁሮቹ አምስት ናቸው፤ ከፋ ሻርፕ ሲነሱ ትዝታ ሜጀር ይሆናሉ፤ ልትሳሳት አትችልም። ትንሽ እንደተጫወተች ከወጥ ቤት በኩል አያቷ ማንጎራጎር ጀመሩ። በሚቀጥለው ሳምንት ነጭ ቁልፍ አልጨመርሁላትም። አሁን እዚያው ጥቁር ላይ ሆነሽ ከሬ ሻርፕ ጀምሪ፣ ሬ ሻርፕ ላይም እረፊ አልኋት። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከረች። ከዚያ እጇን አንስታ ወደ ካሜራው ተጠጋችና፣ “ቲቸር፣ ቁልፎቹ ያው ናቸው፣ ግን ዘፈኑ ሌላ ሆነ” አለችኝ።

ባቲ ነበር።